የጎማ ዳዶ በስንት ይጥበቅ?

ቢቸና፤ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ኤን ፒ አር የኋላ ጎማው ተቀይሮለት ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ነው። ረዳቱ የጎማ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ፣ እላዩ ላይ ወጥቶ እየዘለለ ዳዶ ያጠብቃል። በዕድሜ የገፉት መካኒክ የያዙትን ሥራ አስቀምጠው መጡ።

መካኒኩ፦ ልጄ፣ እስኪ ይህን ልጅ ከቧንቧው ላይ አውርደው።

ሹፌሩ፦ ምነው ጋሼ? ዳዶ እያጠበቀ እኮ ነው። «ውጣበት» ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ጤፍ ጭኜ ዓባይን ልወርድ ነው፤ እንዲላላብኝ አልፈልግም።

መካኒኩ፦ ዓባይን ስለምትወርድ ነው አውርደው ያልኩህ። ክብደቱ ስንት ይሆናል?

ሹፌሩ፦ የልጁ? ስድሳ ኪሎ ቢሆን ነው።

መካኒኩ፦ ቧንቧውስ?

ሹፌሩ፦ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዳዶ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በሁለት ነገር ይታወቃል፤ መፍቻው ጫፍ ላይ ባረፈው ክብደትና ከዳዶው መሀል እስከዚያ ጫፍ ባለው ርዝመት። ክብደቱ ወደ ኒውተን ተለውጦ ሁለቱ ይባዛሉ። ስድሳ ኪሎ ሰው በሜትር ተኩል ቧንቧ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም 883 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የኤን ፒ አር የጎማ ዳዶ የሚፈልገው 440 ገደማ ነው። ልጁ ገና ሳይዘል እጥፉን አድርሶታል። ሲዘል ስንት እንደደረሰማ ማንም ሊነግርህ አይችልም።

ሹፌሩ፦ ኒውተን ሜትሩ አይገባኝም፤ በኪሎ ይንገሩኝ።

መካኒኩ፦ አንድ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 45 ኪሎ ብታንጠለጥል፣ ያ 440 ነው። መፍቻው ግማሽ ሜትር ከሆነ 90 ኪሎ ያስፈልገዋል። ለኮሮላና ለቪትዝ ደግሞ ፋብሪካው 103 ብሎ ነው የጻፈው፤ በግማሽ ሜትር መፍቻ 21 ኪሎ ማለት ነው። ሰው በክንዱ ስቦ የሚያደርሰው ነው። ታዲያ የኮሮላ ዳዶ ላይ በእግሩ ቆሞ የሚያጠብቅ ጎሚስታ አላየህም?

ሹፌሩ፦ ያልቆመ ነው ያላየሁት። ግን ጋሼ፣ ከልክ በላይ ጠበቀ እንበል። መጥበቁ ምን ይጎዳል? ጎማ የሚያስወልቀው መላላት ነው እንጂ።

መካኒኩ፦ ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎማውን መኪናው ላይ ይዞ የሚያቆየው ምንድን ነው ትላለህ?

ሹፌሩ፦ ስድስቱ ብሎኖች ናቸዋ።

መካኒኩ፦ ብሎኑ ጭነቱን በቀጥታ አይሸከምም። የብሎኑ ሥራ ቸርኬውን ከሚታሰርበት ሞዞ ጋር ጨምቆ መያዝ ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲጨመቁ በመካከላቸው የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው ጭነቱን የሚሸከመው፤ ፍሬን ስትይዝም ቸርኬው ሞዞው ላይ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እሱ ነው። ብሎን ደግሞ የሚጨምቀው ስለተለጠጠ ነው። ብረት አይለጠጥም እንዳትለኝ፤ በዓይን አይታይም እንጂ ይለጠጣል፤ ስትፈታውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጤፉን ያሰርክበትን ገመድ ተመልከት። ጭነቱን የያዘልህ ውፍረቱ አይደለም፤ ውጥረቱ ነው። ያው ወፍራም ገመድ ከረገበ ጆንያው ይንሸራተታል።

ሹፌሩ፦ እንዲያ ከሆነ አብዝቶ መወጠር ነዋ የሚሻለው።

መካኒኩ፦ እስከ ልኩ። ብረት የሚመለስበት ወሰን አለው። ያን ወሰን ካለፈ ተለጥጦ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ጎማው ጉድጓድ ላይ በተመታ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተለጠጠ የጨመቀውን እየለቀቀ ይሄዳል። ብታየው ዳዶው ቦታው ላይ ነው፤ በእጅህ ብትነካው አይነቃነቅም። ውስጡ ግን ከጥርሱ ሥር ስንጥቅ ጀምሯል። አንዱ ሲበጠስ የእሱን ድርሻ ግራና ቀኝ ያሉት ይሸከማሉ፤ ቀጥሎ እነሱ ይበጠሳሉ። አላልተህ ብትሄድም፣ አለልክ አጥብቀህ ብትሄድም የምትደርሰው እዚያው ነው።

ሹፌሩ፦ እውነቱን ልንገርዎት? ይህን መኪና ከያዝኩ ጀምሮ በቧንቧ ነው የሚጠብቀው፤ አንድም ቀን ጎማ ወልቆብኝ አያውቅም።

መካኒኩ፦ አምንሃለሁ። ብሎን ባንድ ቀን አይበጠስም፤ ይደክማል። ዛሬ የሚዘልበት ረዳት ሌላ፣ በተበጠሰ ቀን የሚነዳው ሹፌር ሌላ ሊሆን ይችላል። መኪናውን ብትሸጠው የደከመው ብሎን አብሮ ይሸጣል። ደግሞ አደጋው ባንተ ብቻ አይቆምም። የአይሱዙ ጎማ ቁልቁለት ላይ ከወለቀ ማን ያቆመዋል? ከመንገድ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች። ይህን ሳስብ ነው ቧንቧ ባየሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ የምመጣው።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ነገሩ እንዲህ ካስፈራ ለምን ሁሉም ጋራዥ በልክ አያጠብቅም? ቶርክ ሬንች የሚባለውን መለኪያ መፍቻ እኔ ያየሁት ሞተር ሲወርድ ብቻ ነው።

መካኒኩ፦ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቴስታታ ሲገጠም ቶርክ ሬንች የሌለው ጋራዥ ከጎረቤት ተበድሮ ያመጣል። መጽሐፍ ተገልጦ ቁጥሩ ይታያል፤ ከመሀል ወደ ዳር በተራ፣ መጀመሪያ በትንሹ፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ መጨረሻ በሙሉው ይጠብቃል። ማንም አይቸኩልም፤ አንዱ ጥግ ከሌላው በልጦ ከጠበቀ ጓርኒሲዮኑ እንደሚያፈስ ሁሉም ያውቃል። ያው መካኒክ፣ ያው ቀን፣ ጎማ ሲያስር ግን ቧንቧ ያነሳል። ጓርኒሲዮን ቢቃጠል የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ ጎማ ቢወልቅ የሚጠፋው ሰው ነው። ለሞተሩ ስንሳሳ ለሰው አልሳሳንም። ይህን ስናገር የሚቀየሙኝ ባልንጀሮች አሉኝ፤ ቢሆንም እናገራለሁ።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ?

መካኒኩ፦ ክሪኩን መልሰህ አስገባ። የጠበቁትን እንፈታለን፤ ጥርሳቸውን አይተን ነው የምንመልሳቸው።

(መኪናው እንደገና ከመሬት ተነሣ። ዳዶዎቹ ወጡ፤ ጎማውም ወረደ።)

መካኒኩ፦ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጥረገው። አሁን ዳዶውን በጣትህ ብቻ አስገባ፤ መፍቻ አትንካ።

ሹፌሩ፦ ይሄኛው እስከ ሥሩ ገባ። ይሄም ገባ። ይሄ... መሀል ላይ ያዘኝ።

መካኒኩ፦ መልሰህ አውጣና በሌላ ዳዶ ሞክረው።

ሹፌሩ፦ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ያዘኝ።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ዳዶው አይደለም፤ ብሎኑ ተለጥጧል። ሲለጠጥ የጥርሱ ርቀት ስለሚሰፋ ከዳዶው ጥርስ ጋር መገጣጠም ያቅተዋል። ዛሬ የተለጠጠ ይሁን ከወራት በፊት ማወቅ አይቻልም። ይህ ይቀየራል፤ የተበጠሰ ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኝ ያሉትንም አብሬ እቀይር ነበር፤ ሁለት ከተበጠሱ ደግሞ የዚያ ጎማ ብሎን በሙሉ። በተበጠሰው ሰበብ ሌሎቹንም ስቀይር ሹፌሮች «መካኒኩ ገንዘብ ፈልጎ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ሌላ መንገድ የለኝም።

ሹፌሩ፦ እኔ አልልዎትም። በጣቴ አየሁት እኮ።

መካኒኩ፦ አሁን ደግሞ ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበትን ፊት ተመልከት። ጭቃ አለ፣ ዝገት አለ፣ ሰው የቀባው ወፍራም ቀለምም አለ። በዚህ ላይ ብታጠብቅ ዳዶው የሚጨምቀው ጭቃውንና ቀለሙን ነው። መኪናው ሲሄድ ጭቃው ይረግፋል፣ ቀለሙ ይፈጫል፤ ክፍተት ይፈጠራል፤ ማንም ሳይነካው ብሎኑ ይረግባል። በክረምት ይህ ሁሉ ይብሳል። ስለዚህ ሁለቱም ፊት ይጠረጋል፤ ብረት በብረት ላይ ይረፍ።

ሹፌሩ፦ ጥርሱ ላይ ግራሶ ልቀባ?

መካኒኩ፦ የመኪናው መጽሐፍ ካላለ አትቀባ። ብዙዎች ነገ በቀላሉ እንዲፈታ ብለው ይቀባሉ። የማይቀባበትን ምክንያት ልንገርህ። ዳዶ ስታጠብቅ ከምታወጣው ጉልበት ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ግማሽ የሚሆነው ዳዶው ከቸርኬው ጋር ሲፋተግ ያልቃል፤ የቀረው ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲፋተግ። ግራሶ ስትቀባ ይህ ፍትጊያ ይቀንሳል፤ ፍትጊያ ይበላው የነበረው ጉልበት ወደ ብሎኑ ይሄዳል። መሣሪያው 440 ይልሃል፤ ብሎኑ ግን ከሚገባው እጅግ አልፎ ይለጠጣል። የዛገ ጥርስ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መሣሪያው 440 ይላል፣ ብሎኑ ግን ገና አልተወጠረም። በጎማው አሠራር ምክንያት አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት የሚያዝዙ የከባድ መኪና መጻሕፍት አሉ። የራስህ መኪና መጽሐፍ ያለውን ነው የምታደርገው።

(የተለጠጠው ብሎን ተቀየረ፤ ጎማው ተመልሶ ተሰቀለ። መካኒኩ ቶርክ ሬንቹን አመጡ።)

ሹፌሩ፦ ያ ቶርክ ሬንች የሚሉት ይኸው ነው? ርዝመቱስ!

መካኒኩ፦ ለአይሱዙ እንዲህ ያለው ነው የሚሆነው። ለትንሽ መኪና የሚሠራው እስከ 200 ብቻ ያለው ነው፤ በእሱ 440 ማጥበቅ አይሞከርም። ይህኛው ደግሞ ለትንንሽ ብሎን አይሆንም፤ ከመጨረሻ ቁጥሩ አንድ አምስተኛ በታች ሲወርድ ልኩ አይታመንም። መሣሪያውን የሠራው ኮንራድ ባር እንደሆነ ይነገራል፤ በ1918 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። የትልልቅ ቧንቧ ብሎኖች ከልክ በላይ እየጠበቁ ስለሚበጠሱ ነው ያሰበው። ጉልበት አንሶ አልነበረም፤ በዝቶ ነው። በል፣ እጀታው ላይ ያለውን መቆለፊያ አላላና ቁጥሩ 440 እስኪመጣ አሽከርክር። ከዚያ መልሰህ ቆልፈው።

ሹፌሩ፦ ቆልፌያለሁ። ልጀምር?

መካኒኩ፦ መጀመሪያ ሁሉንም በእጅህ፣ ከዚያ በተራ መፍቻ ቸርኬው እስኪቀመጥ ብቻ። ጎረቤት ለጎረቤት አትሂድ፤ አንዱን ካጠበቅህ ፊት ለፊቱ ወዳለው ተሻገር። በተከታታይ ካጠበቅህ ቸርኬው ባንድ ጎኑ ይቀመጥና ሌላው ጎን ክፍት ይቀራል። አሁን ክሪኩን አውርደው፤ ጎማው መሬት ይንካ፤ ካልሆነ ጎማው አብሮ ይዞርብሃል። በል አሁን ቶርክ ሬንቹን ያዝ። አንድ እጅህ እጀታው ላይ፣ ሌላ እጅህ ራሱ ላይ ቡሶላው እንዳይንሸራተት። ሳትነጥቅ ቀስ ብለህ እኩል ሳብ።

ሹፌሩ፦ ቀጭ አለ!

መካኒኩ፦ በቃ፣ ተው፤ ልኩ ደርሷል። ልማድ ሆኖ ብዙ ሰው «ለማረጋገጥ» ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ቀጭ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ድጋሚ ዳዶውን ጥቂት ወደፊት ይገፋዋል። አንዴ ካለ ወደ ፊት ለፊቱ እለፍ።

ሹፌሩ፦ ቧንቧ ብሰካበትስ፣ ቀለል እንዲለኝ?

መካኒኩ፦ በፍጹም። መሣሪያው የተለካው እጅ እጀታው ላይ ሲሆን ነው። ቧንቧ ስትሰካ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። በቡሶላውና በመሣሪያው መካከል ቀጥ ያለ ማስረዘሚያ ብታስገባ ግድ የለም፤ እጀታውን ማስረዘም ግን ክልክል ነው። ሌላም ልንገርህ፤ በዚህ ዳዶ አትፈታም። ሥራህን ስትጨርስ ቁጥሩን ወደ ዝቅተኛው መልሰህ ታስቀምጠዋለህ፤ ውስጡ ያለው ሞላ ተጨምቆ ካደረ ይደክማል። ከእጅህ ከወደቀ ደግሞ ሳይመረመር አትመነው። መዶሻ አይደለም፤ ሚዛን ነው።

ሹፌሩ፦ ልክ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

መካኒኩ፦ በደንቡ በዓመት አንዴ ወይም አምስት ሺህ ጊዜ ከሠራ በኋላ ይመረመራል። እንደኛ ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው ሻካራ ፍተሻ አለ። ትንሹን ቶርክ ሬንች ሞርሳ ላይ አስሬ እጀታውን አግድም አደርገዋለሁ። ከእህል ነጋዴው ሚዛን 20 ኪሎ ጤፍ አስለክቼ ከመሀሉ ግማሽ ሜትር ላይ አንጠለጥላለሁ። ያ 98 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእጀታው የራሱ ክብደት ትንሽ ይጨምርበታል። መሣሪያውን እዚያ አካባቢ ሞልቼ ቀጭ ካለ ደኅና ነው። በ80 ወይም በ130 ካለ ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ ይሄዳል።

ሹፌሩ፦ ጎሚስታዎቹ በኮምፕሬሰር አየር የሚፈቱበት መሣሪያስ? እሱ ያጠብቃል፤ ሰው አይዘልበትም።

መካኒኩ፦ ለመፍታት ግሩም ነው፤ ለማጥበቅ ግን አይለካም። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ያላላል፣ ሲበዛ ይበጥሳል። ሰውየው ጣቱን ለሁለት ሰኮንድ ወይም ለአምስት ሰኮንድ መያዙ ልዩነት ያመጣል። በእሱ ያስቀምጠው፤ መጨረሻውን ግን በቶርክ ሬንች ያድርሰው።

ሹፌሩ፦ በግራ ጎን ያለው ጎማስ? አዲስ ረዳት በያዝኩ ቁጥር ሲፈታ ያጠብቃል።

መካኒኩ፦ ይህን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። ብዙ አይሱዙ ላይ የግራ ጎን ብሎኖች ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ ጫፉ ላይ የኤል ፊደል ተቀርጾበታል። የጎማው መዞር ዳዶውን እንዳያላላው ነው እንዲህ የተደረገው። የማያውቅ ረዳት ቧንቧ ሰክቶ በለመደው አቅጣጫ እየዘለለ «አልፈታም አለኝ» ይላል፤ እያጠበቀ እኮ ነው። ብዙ ብሎን የሚያልቀው በዚህም ነው። የኋላው ጥንድ ጎማ የውስጥና የውጭ ዳዶ ያለው ከሆነ ደግሞ የውጪውን ብቻ ማጥበቅ አይበቃም። የውጪውን አላልተህ የውስጡን በልኩ ታጠብቃለህ፤ ከዚያ የውጪውን። ይህንንም ሁሉንም አላልተህ ሳይሆን እያፈራረቅህ ነው የምታደርገው።

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እዚህ ሆኜ ነው። መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝስ? እኔ ቶርክ ሬንች የለኝም፤ ለአይሱዙ የሚሆነው ደግሞ ውድ ነው።

መካኒኩ፦ ውድነቱን አልክድም። ሁለት ሦስት መኪና ያላችሁ ተባብራችሁ ብትገዙት ጥሩ ነው። እስከዚያ ግን ቧንቧህን ስጠኝ። እዚህ ላይ፣ ከመፍቻው ራስ 75 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በመጋዝ ጭረት አደርግልሃለሁ። ስድሳ ኪሎ የሆነው ረዳትህ ቧንቧው አግድም ሆኖ እዚህ ጭረት ላይ ሳይዘል፣ ሳይወዛወዝ፣ ቀስ ብሎ ቢቆም 441 ይሆናል። ረዳት ከቀየርክ ግን ጭረቱም ይቀየራል። ከቶርክ ሬንች ጋር አይስተካከልም፤ ከመዝለል ግን እጅግ ይሻላል። መኪናህ ሌላ ሞዴል ከሆነም ቁጥሩ ስለሚለይ መጀመሪያ መጽሐፉን ተመልከት።

ሹፌሩ፦ አሁን እንግዲህ ጨረስን፤ መንገድ ልጀምር?

መካኒኩ፦ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው። አዲስ የታሰረ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይታያል። ጤፍህን አስረህ ጥቂት ከሄድክ በኋላ ወርደህ ገመዱን የምትወጥረው ለምንድን ነው? ጭነቱ ስለሚቀመጥ ነው። ቸርኬና ሞዞም ይቀመጣሉ። ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው ሞጣ ሲደርስ ያየዋል። አንተ ግን ከፊትህ ዓባይ አለ። ከደጀን እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ታምቡሩ ይግላል፣ ግለቱ እስከ ሞዞውና ቸርኬው ይደርሳል። ስለዚህ ርቀቱ ባይሞላም ደጀን ላይ ቆመህ አንዴ እየው። ድልድዩን ተሻግረህ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ ደግሞ ጎማው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ ድገመው፤ በጋለ ጎማ ላይ አይጠበቅም።

ሹፌሩ፦ ደጀን ላይ እንዴት ነው የማየው? በቧንቧው በጭረቱ ላይ?

መካኒኩ፦ አዎ። ልጁ በጭረቱ ላይ ሲቆም ዳዶው ካልተንቀሳቀሰ ሰላም ነው። ከተንቀሳቀሰ እስኪቆም አድርሰው፤ ከዚያ በሚቀጥለው ማረፊያ እንደገና እየው። ደጋግሞ የሚላላ ዳዶ ካገኘህ ግን አታጥብቀው፤ አውርደህ ምክንያቱን ፈልግ። ከዳዶው ሥር እንደ ጨረር የወጣ የዝገት መስመር፣ ወይም ቸርኬው ላይ ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ካየህ ያ ጎማ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሞላላ የሆነ ቸርኬ አይጠገንም፤ ይጣላል።

ሹፌሩ፦ ይህን ለሌሎቹም እነግራለሁ። ከእኔ ጋር ስድስት ሰባት መኪና በዚህ መስመር ይሠራል።

መካኒኩ፦ ንገራቸው። ለጎሚስታዎቹም ንገር፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለ ጎሚስታ ሁሉ የመኪናውን ዓይነትና የዳዶውን ልክ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ባለንብረቶችም ሂሳብ ሲከፍሉ «በስንት አጠበቅኸው?» ብለው ይጠይቁ። ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡት ልጆች ይህን ተምረው ነው የሚመጡት፤ እኛ ጋራዥ ሲገቡ ቧንቧ አናስይዛቸው። አንተም ደጀን ላይ ቁም።